ዋጋ ያገግማል፣ የተበላሸ ውል ግን…

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኩርፊያ ነው። ዛሬ ግን እስቲ ስለ ቤት እናውጋ። «ኪራይ አልገፋ ብሎን እኛ ስለ ቤት ሽያጭ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። ኪራይ አልገፋ ያለው ስንቱ ወጣት አገር ቤት የወላጅ ቤት አለው! ያ ቤት የተሸጠ ዕለት ታዲያ የሚሸጠው ጭቃና ቆርቆሮው ብቻ አይደለም። በአንዲት ፊርማ የተነሳ ስንት ወንድምና እህት ሰላምታ ተነፋፍጎ ቀርቷል! ስለዚህ ጉዳዩ ከኩርፊያም ብዙ አይርቅም።

የዛሬው ጨዋታችን መነሻ መካነ ኢየሱስ ናት። አዲስ አበቤው አንባቢዬ ይህን ስም ሲሰማ ቀድማ የምትታወሰው ቤተ ክርስቲያኒቱ ትሆናለች። የለም፣ እኔ የምላችሁ ከተማዋን ነው፤ በደቡብ ጎንደር የጋይንትና የስማዳ ጎረቤት የሆነችውን፣ ብዙ ሰው በአጭሩ «እስቴ» ብሎ የሚጠራትን። ከዚያች ከተማ ልጆች ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። አንደኛው መሸጥ ይፈልጋል፣ ሁለተኛዋ መግዛት ትፈልጋለች። ሁለቱም «ስሜ እንዳይወጣ» ብለዋል፤ አይወጣም።

«እስከ ቅዳሜ ብቻ!»

ሻጩ አዲስ አበባ ተቀጥሮ የሚኖር ወጣት ነው። እናቱ ቀድመው፣ አባቱ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። አራት ወንድምና እህት ናቸው። አንዷ ዓረብ አገር ናት፤ አንዱ ባሕር ዳር ይኖራል። የመጨረሻዋ እህታቸው ከነልጇ እዚያው የወላጆቻቸው ቤት ውስጥ ትኖራለች። ቤቱ ጭቃ ሆኖ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው።

«ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደወለልኝ» ይላል ደብዳቤው፤ «ገበያው ተነስቷል፣ ገዢው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቆሟል፣ እስከ ቅዳሜ ካልወሰንክ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል አለኝ። አባቴ በሕይወት ሳሉ የሰጡኝ ጠቅላላ ውክልና በእጄ አለ። እሱን ይዤ ሄጄ ልፈርም ወይ? ለእህቴ በኋላ እነግራታለሁ።»

ገዢዋ ደግሞ እዚያው ከተማዋ ውስጥ የምታስተምር ወጣት ናት። ባለቤቷም ደመወዝተኛ ነው። ቁጠባቸውና የዕቁብ ዕጣቸው ተደምሮ 400 ሺህ ብር ሞልቶላቸዋል። ከከተማው ጫፍ አንድ ገበሬ ቦታ ሊሰጣቸው ተስማምቷል። «ውሉ የሚጻፈው የብድር ውል ተብሎ ነው፤ ሽማግሌዎችም ይፈርማሉ። እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ምን ይመጣብናል?» ትላለች።

ምን ይመጣብናል! መልሱን ለሁለቱም እሰጣለሁ። አስቀድመን ግን ደላላው «ተነሳ» ያለውን ገበያ እንየው።

እውን ገበያው ድኗል?

የዚያ አካባቢ ሰው ያለፈበትን እናውቃለን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያው ጎረቤት፣ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ። ያ በረደ ሲባል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤት ገበያ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ ገዢ ይጠፋል፤ ባንክ ሲዘጋ ገንዘቡ ይጠፋል። አገር ለቆ መሄድ የፈለገ ደግሞ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል።

ከዚያ ትንሽ ረጋ ሲል ገበያው ነፍስ ይዘራል። ቀድሞ የሚያገግመው ማን መሰላችሁ? ደላላ! ቤቱ ገና ሳል ይዞት ሳለ ደላላው ተነስቶ ይሮጣል። ደላላ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ሥራው ማገናኘት ነው፣ ደህና አድርጎ ያገናኘም አለ። ግን አስታውሱ፦ ደላላ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው እንጂ እናንተ ስትጠቀሙ አይደለም። «እስከ ቅዳሜ» የሚለው ቀነ ገደብም የሱ ነው፤ የቤቱ አይደለም።

ታዲያ ገበያው በእርግጥ መዳኑ በምን ይታወቃል? በሚጠራው ዋጋ አትመኑ። የሚጠራማ ሁልጊዜ ይጠራል! ባለፉት ወራት በሰፈሩ ስንት ቤት ተሽጦ በማዘጋጃ ቤት ስም እንደዞረ ጠይቁ። ተከራይ ኪራዩን በወቅቱ ይከፍል እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ገዝቶ እየሠራ ነው ወይስ ጀምሮ የተወው ብሎኬት ላይ ሣር በቅሏል? እነዚህ ሦስቱ ከደላላ ስልክ የበለጠ ይናገራሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 120 ብርን አለፈ። እንበልና ከዚያ በፊት በ1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር የሚገመት ቤት ነበራችሁ። ያኔ ይህ ገንዘብ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በ120 ሒሳብ ግን ያው ብር 9 ሺህ 500 ዶላር ብቻ ነው። «ቤታችሁ የዱሮ ዋጋውን መለሰ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የመለሰው ቁጥሩን ነው ወይስ ዋጋውን? በሉት። «በዶላር አልኖርም» የምትሉ ደግሞ አናጢና ግንበኛ ጠርታችሁ «ይህን ቤት ዛሬ ከመሬት ተነስተን ብንሠራው ስንት ይፈጃል?» ብላችሁ አስገምቱ። ያ ቁጥር ለሻጭም ለገዢም ጥሩ ሚዛን ነው።

ለሻጩ፦ የሞተ ሰው አይወክልም

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ወንድሜ። የአባትህን ነፍስ ይማርና፣ ያ ውክልና ከሳቸው ጋር ተቀብሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና የወካዩ ሞት ያበቃዋል። በሕይወት ቢኖሩም እንኳ ያ ወረቀት ቤት አያሸጥህም ነበር። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን መሰጠት እንዳለበት አንቀጽ 2205 ይናገራል። አባትህ እንዳረፉ እያወቅህ በዚያ ወረቀት ብትፈርም ነገሩ የቤተሰብ ቅሬታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወንጀልም ያስከትላል።

መንገዱ ይኸውልህ። በመጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ። ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት፤ ዓረብ አገር ያለችውም፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያለችውም ድርሻቸው ከድርሻህ አያንስም። የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 1266 ነው። ውጭ ያለችው እህትህ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክ፤ ውክልናውም ላይ «ቤት ለመሸጥ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ባለትዳር ሆናችሁ የጋራ ቤት የምትሸጡ አንባብያንም፣ የሁለታችሁም ፊርማ ካልተገኘ ሽያጩ ነገ ፍርድ ቤት ያቆማችኋል።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሥራው። ቤቱ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ቢሸጥ ለአራት ሲካፈል 300 ሺህ ይደርስሃል፤ ያውም የደላላው፣ የግብሩና የመመላለሻው ሳይቀነስ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በቤት ሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈል ግብር አለው፤ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ያንተ ስንት እንደሚሆን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርበህ አስላ። ለመኖሪያ ብቻ ለዋለ ቤት የተለየ አያያዝ ስላለ እሱንም አትርሳ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍህ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይሠራልሃል? መልሱ «ዕቃ እገዛበታለሁ» ከሆነ አትሽጥ። «ሥራ እጀምርበታለሁ» ወይም «ዕዳ እዘጋበታለሁ» ከሆነ እንነጋገር።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። «ለእህቴ በኋላ እነግራታለሁ» ብለሃል። ተው! እናትና አባታችሁ ሲታመሙ ቀርባ ያስታመመቻቸው ማን ነበረች? በየክረምቱ ምርጊቱን የምትመርገው፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ የምታስመታው ማን ናት? ቤቱ ዛሬ የሚሸጥ ቤት ሆኖ የቆመው ሰው ስለኖረበት ነው። እሷ ከነልጇ ወዴት እንደምትሄድ ሳይታወቅ ዋጋ መነጋገር የተገለበጠ ሥራ ነው። ስልኩን አንሳና ከደላላው በፊት ለሷ ደውል።

ስትነጋገሩም አማራጩ «መሸጥ ወይም አለመሸጥ» ብቻ አይደለም። የናንተን ድርሻ እሷ በየዓመቱ እየከፈለች ብትገዛችሁስ? የጋራ ባለሀብት ከውጭ ገዢ ቅድሚያ የሚያገኝበትን መንገድ ሕጉም ያውቀዋል። ግቢው ሰፊ ነው ካልክ፣ ሁለት ክፍል ተሠርቶ ቢከራይና ኪራዩን ብትካፈሉስ? «የለም፣ ሁላችንም መሸጡን መርጠናል» ካላችሁም፣ እሷ ሌላ ቤት እስክታገኝ የምትቆይበት ጊዜ ውሉ ላይ ይግባ። ገዢው እሺ ካላለ ሌላ ገዢ ጠብቁ።

ለገዢዋ፦ የብድር ውል ብድር ነው

እህቴ፣ 400 ሺህ ብር በደመወዝ ማጠራቀም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስንት የበዓል ልብስ የቀረበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሳላቆላምጥ ልንገርሽ፦ ያን ቦታ አትግዢ።

ለምን? የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በዚህች አገር የሚሸጠው ቤት እንጂ መሬት አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ በላዩ የሠራኸው ግን ያንተ ነው። የገበሬውን መሬት ደግሞ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይገዛዋል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ የመሸጥ ግን የለውም። የሌለውን ነገር እንዴት አድርጎ ይሰጥሻል?

ውሉ «ብድር» የሚባለውም ለዚሁ ነው። እስቲ ክፉውን እናስብ። ሦስት ዓመት ያልፋል። ቤት ሠርታችኋል፣ የቦታው ዋጋ ጨምሯል። ገበሬው ወይም ልጁ 400 ሺህ ብር ይዞ ይመጣና «ያበደርሽኝን ውሰጂ፣ መሬቴን ልቀቂ» ይልሻል። ምን ትመልሻለሽ? ወረቀቱ ራሱ ብድር ነው ይላል! ያ ብር ደግሞ የዛሬው ብር አይሆንም። ሚስቱ «እኔ አልፈረምኩም» ልትል ትችላለች። ማዘጋጃ ቤቱም ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ነው ብሎ ቢያፈርሰው ካሳ የሚከፍልሽ የለም። «ብዙ ሰው ያደርገዋል» ማለት ብዙ ሰው አንድ ላይ ሊያለቅስ ይችላል ማለት እንጂ ዋስትና አይደለም።

ባይሆን ጠበብ ያለም ቢሆን ካርታ ያለው ቤት ፈልጊ። ያ ሲገኝ ደግሞ እንዲህ አድርጊ፤ ሌሎቻችሁም ቆርጣችሁ ያዙት።

ወረቀቱን ከግድግዳው በፊት እዩ። የይዞታ ማረጋገጫው (ካርታው) በማን ስም ነው? ሻጩ መታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር ይገጥማል? ፎቶ ኮፒ አትመኑ። ማዘጋጃ ቤት ከሻጩ ጋር ሄዳችሁ ፋይሉ ይታይ፤ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑ በደብዳቤ ይረጋገጥ። ፕላኑ ላይ መንገድ የሚያልፍበት እንዳይሆን ጠይቁ። ቦታው በማኅበር ተደራጅቶ የተሰጠ ከሆነ መሸጥ መፈቀዱን አጣሩ።

ነባር ወይስ ሊዝ? ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር ግብር ይከፍል ስለነበር እናንተም ያንኑ የምትከፍሉ እንዳይመስላችሁ። የሊዝ ክፍያው በዓመት ስንት እንደሚመጣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቃችሁ ከዋጋው ጋር ደምሩት። የምትከራከሩበት ጥሩ መሣሪያም ይሆናችኋል።

ቤቱን በዝናብ እዩት። በጥር ያየችውን ቤት በሐምሌ ያወቀችው ስንቷ ናት! ዝናብ እየጣለ ሂዱ። ጣሪያው ያፈስሳል? ጎርፉ በየት ይወርዳል? የግድግዳውን እንጨት ከሥሩ ነካ ነካ አድርጉት፤ ምስጥ ከገባው ይነግራችኋል። የውኃና የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ እንዳለበትም እዩ። ከዚያ ጎረቤት ግቡና ቡና ጠጡ። የድንበር ክርክር ካለ አዋሳኙ እንጂ ሻጩ አይነግራችሁም።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በሕጋችን አንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ አትስጡ። ሻጮችም፣ ወንድምና እህት ሳይስማማ ቀብድ አትቀበሉ፤ እጥፉን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ውሉን አስመዝግቡ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ መሆኑ ብቻም አይበቃውም። አንቀጽ 1723 ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይመዝገብ ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 እንዲህ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ ሻጩ ውሉን ያልካደበትን ጉዳይ ለየት አድርጎ አይቶታል፤ ግን ሻጫችሁ እንደማይክድ በምን አውቃችሁ? የሽማግሌ ፊርማ ለምስክርነት ጥሩ ነው። የመንግሥትን ምዝገባ ግን አይተካም።

ትክክለኛውን ዋጋ ጻፉ። «ግብር እንዳይበዛ ግማሹን ብቻ እንጻፍ» የሚል ይመጣል። ነገ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው፤ ያልተጻፈውን ግማሽ ለማን አቤት ትላላችሁ? ደግሞስ መንግሥትን ማጭበርበር ነው።

ገንዘቡ በባንክ ይሂድ። በማዳበሪያ የታሰረ ብር ደረሰኝ የለውም። በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ክፈሉ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትስጡ፤ የተወሰነው ውሉ ሲመዘገብ፣ ቀሪው ስሙ ሲዞር ተብሎ ውሉ ላይ ይጻፍ። ስም ካልዞረ ቤቱ ገና የናንተ አልሆነም። የስም ማዞሪያውን፣ የቴምብሩንና የደላላውን ወጪ ማን እንደሚችልም አስቀድሞ ይለይ፤ በዚያች ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ጠብ ይነሳል።

እንግዲህ

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ሲጣራ ቤቱ ያመልጠናል» ትሉ ይሆናል። ሊያመልጥ ይችላል፤ አልዋሽም። በሚያገግም ገበያ የዘገየ ሰው ትንሽ ዋጋ ይጨምርበታል፤ ሻጭም የተቻኮለ ገዢ ሊሄድበት ይችላል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በዋጋ የተጎዳ ሰው ሠርቶ ይተካዋል፤ ዋጋውም ራሱ ይመለሳል። ያልተጣራ ካርታ፣ የሞተ ሰው ውክልና፣ ብድር ተብሎ የተጻፈ ሽያጭ ግን ዓመት በቆየ ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይድንም።

አስተማሪዋ እህቴ፣ ገንዘባችሁ ባንክ ይቀመጥና ካርታ ያለው ቤት ስትፈልጊ ክረምቱን ተጠቀሚበት። ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ለእህትህ ደውል። ቅዳሜ ያልፋል፤ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል። ሌላ እህት ግን አትመጣም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!